ቁጥር ስምንት ጳጉሜ የሆነበት ቀን

ሙያዬ ቅየሳ ነው። መሬት እለካለሁ፣ ችካል እተክላለሁ፣ መስመር አሰምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ልኮራባችሁ ፈልጌ ሳይሆን፣ የምተርክላችሁ ስሕተት ከዚሁ ሙያ የመጣ ስለሆነ ነው። ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ሜትር ይዞ ሲዞር፣ ሜትር የማይፈታው ነገር ያለ አይመስለውም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ልጄን እንኳን ለክቼ ላሳድጋት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ የሆነው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ጳጉሜ ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ገርጂ ነበር የተከራየነው። ግቢው ጠባብ፣ ተከራዩ ብዙ፣ ልጅ ከልጅ ጋር ሲንጫጫ የሚውልበት ቤት ነበር። ልጄ ሶልያና እዚያ ሳለች አፏ አያርፍም ነበር። አራብሳ ስንገባ ስድስት ዓመቷ ነው። በገባን ማግስት አንድ ሕግ አወጣሁ፤ "ሰው እስክንለምድ ድረስ ታች መውረድ የለም" አልኳት። ሰው እንዴት እንደምንለምድ ግን ሕጉ ውስጥ አላስገባሁም። እኔ ኦሎምፒያ ላለው ቢሮዬ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቼ፣ ማታ በታክሲ ሰልፍ ደቅቄ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ህይወትም እንደዚሁ። ሰው ሳንለምድ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ሕጉም እንደጸና ቆየ።

ሶልያና ሦስተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ቆማ ግቢው ውስጥ የሚጫወቱትን ልጆች ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን ስማቸውን እየለየች "ዛሬ ፈቲያ አሸነፈች፣ ትናንት ግን አጭበርብራ ነበር" እያለች ማታ ማታ ትነግረን ነበር። እያደር መንገሩንም ተወችው። እኔ ጨዋ እየሆነች ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰኔ ላይ አስተማሪዋ አስጠራችኝ።

"ፈተና ላይ ጎበዝ ናት" አለችኝ። "ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን አልሰማሁም። ስጠይቃት እንባዋ ይመጣል። ልጆቹ ‹መናገር አትችልም› ብለው ደምድመዋል።"

"ኧረ ቤት ትናገራለች እኮ" አልኳት።

"ትናንት ምን አለችዎት?"

ብዙ አሰብኩ። ትናንት ያለችኝ አልመጣልኝም።

"ክረምቱን ይሞክሩ" አለችኝ ረጋ ብላ። "መስከረም ላይም እንዲህ ከሆነች ባለሙያ ቢያያት ጥሩ ነው። ዝምታው ሥር እንዳይሰድባት እፈራለሁ።"

ከትምህርት ቤቱ ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ይህን ባለቤቴ ህይወት እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ስታነበው ታውቀዋለች።

ታዲያ ምን አደረግኩ? መኪና ገዛሁ። አሮጌ ቪትዝ ናት። ሐሳቤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶልያናን ይዤ ቦሌ እየሄድኩ፣ ሕንፃ ውስጥ ባለው የልጆች መጫወቻ እንድትጫወት ነበር። ሁለት ጊዜ ወሰድኳት። ሁለቱንም ጊዜ የፕላስቲክ ኳስ የሞላበት ገንዳ ውስጥ ገብታ፣ ጥግ ይዛ ተቀምጣ፣ ሰዓቷ እስኪያልቅ ጠበቀች። መኪናዋ ደግሞ የራሷን ጣጣ ይዛ መጣች፤ ማቆሚያ የለም።

የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። የተመረጥኩት ስብሰባው ላይ ስላልነበርኩ ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ግርማ አትላስ አካባቢ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ዝርክርክ ነገር ግን አይወዱም። ባለ መኪኖቹ ስምንት ነበርን። መኪኖቻችን ከአጥር ውጭ ያድራሉ፣ ስፖኪዮ የተሰረቀበትም ነበር። ነዋሪው አዋጥቶ ሲሚንቶ ያስለበሰው ግቢ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የልጆች ነው። አቶ ግርማ "አዲስ ዓመት ሳይገባ ግቢው ተሰምሮ ለመኪና ይሁን፣ ልጆቹ ሌላ ቦታ ይፈልጉ" አሉ። ስምንታችን ተስማማን። ሌላውን ነዋሪ የጠየቀ የለም። መስመሩን የማሰምረው፣ ማስታወቂያውንም የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ለራሴ ቁጥር ስምንትን ያዝኩ፤ ከሰዓት በኋላ የሕንፃው ጥላ የሚያርፍበት እሱ ነው።

ጳጉሜ ሦስት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የኖራ ባልዲዬን፣ ሜትሬንና ሲባጎዬን ይዤ ልወርድ ስል ህይወት ከመኝታ ቤት ብቅ አለች።

"ዛሬ ሩፋኤል አይደለም እንዴ? በዝናብ ቀን ኖራ?"

"ስልኬ አይዘንብም ይላል።"

"ስልክህ የት አገር ሰው ነው?" ብላኝ ተመልሳ ተኛች።

ኖራው ለረቂቅ ነው። በእኛ ሥራ መጀመሪያ በኖራ ይሰመራል፣ ልክ መሆኑ ሲረጋገጥ በማይለቅ ቀለም ይጸናል። የዘይት ቀለሙ በቆርቆሮ ሆኖ ቤት በር ሥር ተቀምጧል። ማስታወቂያውንም በጥሩ እጅ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አጥፌ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቀለሙ ሲያልቅ ልለጥፈው ነበር።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ጨረስኩ። አራት በላይ፣ አራት በታች፣ እያንዳንዱ ሁለት ሜትር ተኩል በአምስት፣ መሐላቸው ላይ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር። ቀጥ ብሎ የወጣ መስመር ስመለከት የሚሰማኝን ደስታ ቀያሽ ያልሆነ ሰው አይረዳኝም። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"ማሻአላህ! ማሻአላህ! አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የሠራኸው?"

እትዬ ዘሀራ ናቸው። ምድር ቤት ይኖራሉ። ከወሎ ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ የልጃቸውን ልጅ ፈቲያን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

"አዎ፣ እትዬ ዘሀራ። ኮሚቴው..."

"ኮሚቴውን ተወው! ያንተን እጅ ነው የማየው። እኛ ልጅ ሳለን በከሰል ነበር የምናሰምረው፣ ያውም ተደብቀን። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰኞ ማክሰኞ በሕይወቴ አላየሁም። ለሩፋኤል አስበህ ነው አይደል? ልጆቹ ዝናብ ሲጠብቁ እንዲጫወቱበት?"

አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋላ!

"እጅህ ይባረክ። ለሰው ልጅ እንዳሰብክ ያንተንም ልጅ ያስብልህ። ሳቋን ያሰማህ። ቤትህ በጫጫታ ይሙላ።"

"አሜን" አልኩ። ምን ልበል? ደግሞ ሳቋን ያሰማህ ያሉት የት እንዳገኙት አላውቅም።

ዞር ብለው "ፈቲያ! ኑ ውጡ! የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ሰኞ ማክሰኞ ሠርቶላችኋል!" ብለው ተጣሩ።

ያን ጊዜ ማስቆም ነበረብኝ። "ይቅርታ፣ ይሄ ለመኪና ነው" ለማለት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ለራሴ፣ እስከ እኩለ ቀን ቢጫወቱ ምን ይጎዳል፣ ከሰዓት ቀለሙን እቀባለሁ፣ ማስታወቂያው ራሱ ይነግራቸዋል አልኩ። በቃሌ ልናገረው ያልደፈርኩትን ወረቀት እንዲናገርልኝ ፈለግኩ ማለት ነው።

ልጆቹ ከየደረጃው ፈሰሱ። ሰኞ ማክሰኞን የማያውቅ የለም፤ መሬት ላይ ቤቶች ይሰመራሉ፣ በቀናት ስም ይጠራሉ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውሮ በአንድ እግር እንጣጥ እያሉ መስመር ሳይረግጡ ማለፍ ነው። የእኔ ቤቶች ግን ለመኪና የተለኩ በመሆናቸው አንዱን ለመሻገር ስድስትና ሰባት ጊዜ መዝለል ይጠይቃሉ። ልጆቹ መሐል ላይ ሲወድቁ በሳቅ ይፈርሳሉ። ፈቲያ ደንቡን ልታስይዝ ቆማ መቁጠር ጀመረች።

"አንድ ሰኞ፣ ሁለት ማክሰኞ፣ ሦስት ረቡዕ..." እያለች ሰባት ላይ እሑድን አደረሰች። ከዚያ ቆመች። "ስምንትስ?"

ልጆቹ ተያዩ። አንዷ "ጋሼ ተሳስተዋል፣ ሳምንት ሰባት ቀን ነው" አለች። ሌላውም "ተሳስተዋል፣ ስምንትን እናጥፋው" አለና በጫማው ሊፍቀው ጀመረ። ሙያዬ ተነካ። ልቆጣ ወደፊት አንድ እርምጃ ስራመድ ከላይ ድምፅ መጣ።

"ጳጉሜ ነው!"

ሁሉም ቀና አለ። ሶልያና የበረንዳውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል። አሁን ሮጣ ትገባለች ብዬ ስጠብቅ ነበር።

"ምን አልሽ?" አለች ፈቲያ አንገቷን ቀልብሳ።

"ስምንተኛው ጳጉሜ ነው። ትርፍ ስለሆነ።" ትንፋሽ ወሰደች። "ጳጉሜ የገባ ሰው አይወጣም። በሁለት እግሩ ይቆማል፣ ያርፋል። ሌላ ሰውም ቢኖር አብሮ ይገባል።"

ይህን ሕግ ያን ሰዓት ታውጣው፣ ወይ በረንዳ ላይ ቆማ ሁለት ዓመት ስታስበው ትኑር፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ብቻ ሕጓ ከእኔ ሕግ እንደሚሻል ወዲያው ገባኝ።

"ነይ ውረጂ!" አለቻት ፈቲያ።

ሶልያና ያየችው ፈቲያን አይደለም። እኔን ነው። የኔን ሕግ ነበር የምትጠብቀው፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ሁለት ዓመት ያሰራትን። "ውረጂ" አልኳት። በእጄም ደገምኩላት።

ከሦስተኛ ፎቅ ለመውረድ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ለእኔ ያን ቀን በጣም ረዘመ። ስትደርስ ፒጃማዋን እንደለበሰች፣ የእናቷን ነጠላ ጫማ ተጫምታ ነበር። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆመች። እትዬ ዘሀራ አላበዙባትም፤ "ነይ የኔ ዓለም፣ ድንጋይ ምረጪ" ብለው ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ በመዳፋቸው ዘረጉላት። ቀጭኑን አነሳች።

ተራዋ ሲደርስ ሰኞን፣ ማክሰኞን አለፈች። ረቡዕ ላይ ተንገዳገደችና ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ረገጥሽ! ወጣሽ!" ብለው ጮሁባት። አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ወደ ላይ ትሮጣለች፣ ከዚህ በኋላ በሬሳ ሣጥን ካልሆነ ከዚያ ቤት አትወጣም ብዬ ነበር፤ አባት ሲፈራ የማያስበው የለም።

"አልረገጥኩም!" ብላ ጮኸች።

"ረገጥሽ! አይተናል!"

"አልረገጥኩም አልኩ እኮ! ፈቲያ ራሷ ትናንት እሑድን ረግጣ ዝም ብላችኋታል! ከላይ አይቻለሁ!"

ፈቲያ ወገቧን ይዛ መጣች፣ ሶልያናም ወገቧን ይዛ ጠበቀቻት። ልጄ ከሰው ጋር ስትጣላ በሁለት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ የሚያምር ጠብ አላየሁም። በመጨረሻ ፈቲያ ጎንበስ ብላ የሶልያናን ነጠላ ጫማ አነሳች። ጫፉ ላይ ኖራ ነበር። ሶልያና ኖራውን አየችው፣ ፈቲያን አየቻት፣ ከዚያ በሳቅ ፍርስ አለች። እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ። የጠዋቱን ምርቃታቸውን አስታውሼ አንገቴን ደፋሁ።

አምስት ሰዓት ገደማ ከየረር በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ ያለማስጠንቀቂያ አወረደው። የሩፋኤል ዝናብ የሚሸሹት ዝናብ አይደለም፤ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ላይ አንጋጠው "ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!" እያሉ ይዘላሉ። እናቶች ከየፎቁ ወረዱ፣ የኔዋ ህይወትም ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ መጣች። እትዬ ዘሀራ "ዝናብ የአላህ እዝነት ነው፣ የማን ቀን እንደሆነ አይጠይቅም" ብለው ሻሻቸውን ሳያወልቁ መዳፋቸውን ዘርግተው ገቡበት። የጨዋታው ሕግ ስላለ ደግሞ ሁሉም ቁጥር ስምንት ውስጥ ተጠጋግቶ ቆመ። ስንት ሰው እንደሚይዝ ለክቼ አላውቅም፤ ለአንዲት ቪትዝ ነበር ያሰብኩት።

ሶልያና ስትንቀጠቀጥ አይቼ ጃኬቴን አለበስኳት። ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ጨርሶ ረስቼ ነበር። እጇን ለማሞቅ ከተተችና ወረቀቱን አወጣችው።

"ምንድን ነው?" አለች ፈቲያ።

እትዬ ዘሀራ ዘወር አሉ። "ያባትሽ ጽሑፍ ነው? እኔ ማንበብ አልችልም፣ እስቲ ከፍ አድርገሽ አንብቢልን። ለሩፋኤል የጻፈው ይሆናል።"

እጄን ዘረጋሁ። ግን ምን ብዬ እነጥቃታለሁ? ልጄ በሰው ፊት ከፍ ባለ ድምፅ ልታነብ ነው፤ ይህን ለመስማት መኪና የገዛሁ ሰው ነኝ። ሶልያና ጉሮሮዋን ጠረገችና ቃል በቃል አነበበች።

"ማስ-ታወቂያ። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ግቢ ለመኪና ማቆሚያ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ፣ ሕፃናት በግቢው ውስጥ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ታደለ..." እዚያ ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። ስሜን ጨርሳ አላነበበችውም።

ሶልያና ቀና ብላ አየችኝ።

"አባዬ፣ ጳጉሜም ክልክል ነው?"

የምገባበት ጠፋኝ። መዋሸት ይቻል ነበር፣ በአቶ ግርማ ማሳበብም ይቻል ነበር። እኔ ግን ደክሞኝ ነበርና እውነቱን ተናገርኩ። መስመሩ ለመኪና መሆኑን፣ ጠዋት ሲመርቁኝ አፍሬ ዝም ማለቴን፣ የዘይት ቀለሙ ቤት እንዳለ፣ ስምንት ቁጥር የራሴ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

እትዬ ዘሀራ ቀረብ አሉኝ። ውሃው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል።

"ያን ሁሉ ምርቃት ‹አሜን› ብለህ ተቀብለህ?" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ ዘሀራ። ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔ የመረቅኩትን አልመልስም፣ ልማዴ አይደለም።" ወደ ልጆቹ ዞረው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ። "አንተው እውነት አድርገው።"

ይኸው ነው ያሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቁልቁል ሳይ ኖራው እንደ ወተት እየነጣ ወደ ቦዩ ይፈሳል፤ ከአንድ እስከ ሰባት የለም፣ ስምንት ብቻ ሰው ቆሞበት ስለነበር ጠርዙ ቀርቷል።

ዝናቡ ሳያባራ የአቶ ግርማ መኪና በር ላይ ክላክስ አደረገ። መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው "አቶ ታደለ፣ መስመሩስ?" አሉኝ።

"ዝናብ ወሰደው።"

"ቀለሙ አለ አይደል? ሲደርቅ ይቀባ።"

"አልቀባም" አልኳቸው። እኔ ስብሰባ ላይ እንኳ እጅ የማላወጣ ሰው ነኝ። "የኔን ቁጥር ትቻለሁ። ለሌላው ደግሞ ነዋሪው ሁሉ ተሰብስቦ ይወስን። እኛ ስምንታችን ብቻ የግቢው ባለቤት አይደለንም።"

"አብረን ወስነን አልነበር እንዴ?"

"ወስነን ነበር። ተሳስቼ ነበር።"

ተቆጡ፣ ጸሐፊነቴም እንደሚነሣ ነገሩኝ። ለዚያ እንኳ ብዙ አላዘንኩም። ከበዓሉ በኋላ ነዋሪው ተሰበሰበ፣ ሦስት ሰዓት ተጨቃጨቀ፣ በመጨረሻ በበሩ በኩል አራት መኪና እንዲቆም፣ የቀረው ለልጆች እንዲሆን ተስማማ። የኔ ቪትዝ እስከ ዛሬ ውጭ ታድራለች። አንድ ስፖኪዮዋ ሄዷል፤ ሳየው ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። የዘይት ቀለሙን ግን ሥራ ላይ አውዬዋለሁ። በልጅ እግር ልክ ሰባት ቤት አሰመርኩ፣ ስምንተኛውን ግን በመኪናው ልክ ትቼ "ጳጉሜ" ብዬ ጻፍኩበት።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ቀን ዝናብ ልጅ ይለውጣል ብዬ አላታልላችሁም። መስከረም ላይ ሶልያና ክፍል ውስጥ አልተናገረችም። ባለሙያም ዘንድ ሄደናል፣ ጥሩ ሰው ነበረች፣ ረድታናለች። አስተማሪዋ ድምፅዋን የሰማችው ኅዳር ላይ ነው፤ ያውም "መምህር፣ መስመሩ ጠመመ" ስትላት። የአባቷ ልጅ አይደለች! የተለወጥኩትስ እኔ ነኝ። ልጄን ከሰው ልጠብቃት ብዬ ሰው ነሳኋት፣ ከዚያ የነሳኋትን በመኪና ልፈልግላት ቦሌ ድረስ ወጣሁ፤ ነገሩ ያለው ግን ከደረጃችን ሥር ነበር። ሕግ ስታወጡ፣ ከሕጉ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚወጣ አብራችሁ ጻፉ። እኔ አልጻፍኩም ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ ጻፈችልኝ።

ዘንድሮ ጳጉሜ ሦስት አልዘነበም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጳጉሜ ውስጥ ተጠጋግተን ቆመን ሰማይ ሰማይ ስናይ ቆየን፤ እትዬ ዘሀራ በርጩማቸው ላይ፣ አቶ ግርማም ሳይቀሩ ጫፉ ላይ አንድ እግራቸውን አግብተው። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ከላይ "አባዬ፣ ጳጉሜ የገባ ሰው አይወጣም!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ሶልያና በዚያው በረንዳ ላይ፣ በዚያው ብረት አጠገብ ባልዲ አቅፋ ቆማለች። ከኋላዋ እናቷ "አንቺ! የፈረቃ ውሃ እኮ ነው!" እያለች ትጮኻለች። ባልዲው ግን ዘንበል ብሎ ነበር።